በፊታውራሪው አዳራሽ የሞላው ገንዳ

ሱሪው ታጥፎ ነበር። በቀኝ እግሩ ሁለት ዕጥፍ፣ በግራ እግሩ ሁለት ዕጥፍ፣ ሁለቱም እስከ ጉልበት። ይህን ልብ ያልኩት ሰውየው ከተቀበረ በኋላ፣ ቅዳሜ ማታ፣ ፎቶግራፎቹን የወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ሳገላብጥ ነው። ረቡዕ ጠዋት ሬሳው አጠገብ ቆሜ ሳየው ግን ገዳዩ እግሩን ይዞ ሲጎትተው የተሰበሰበ መስሎኝ አለፍኩት። የሚጎተት ሰው ሱሪ ይሰበሰባል እንጂ ሁለት ሁለት ጊዜ አይታጠፍም። ሃያ ዓመት የባልና የልጅ ልብስ ሳጥፍ የኖርኩ ሴት ይህን ለመለየት አራት ቀን ፈጀብኝ። በእነዚያ አራት ቀኖች አንድ ሰው በእኔ ትዕዛዝ ታስሮ ነበር።

ቤቱ ኮልፌ ኮረብታው ላይ ያለው የፊታውራሪው ቤት ነው። መቶ ዓመት አልፎታል። ልጅ ሳለሁ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ነበርና የመጀመሪያ መታወቂያዬን ያወጣሁት እዚያ ነው። አሁን አንድ ባለሀብት ይዞት የሀብታም ሆቴል እያደረገው ነው። የውጩን የድንጋይ ግድግዳና የእንጨት በረንዳ እንዳይነካ ስለተከለከለ አልነካውም። ውስጡን ግን ውሃ በውሃ አድርጎታል። ከጣሪያው በሺህ የሚቆጠር የመስታወት ጠብታ ተንጠልጥሏል። ግድግዳው እንደ ሞገድ እየተጠማዘዘ ተለስኗል። ክፍሎቹ ጣና፣ ሻላ፣ ባሮ እየተባሉ ስም ወጥቶላቸዋል። ፊታውራሪው ችሎት ያስችሉበት በነበረው አዳራሽ መሐል ደግሞ በሰማያዊ ሞዛይክ የተለበጠ፣ ጉልበት የሚደርስ ገንዳ አለ።

ዘበኛው ጋሽ ፀሐዬ እዚያ ገንዳ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። ግንባሩ ላይ የተሰነጠቀ ቁስል አለ። ጫማው ከገንዳው ዳር ጎን ለጎን ተቀምጧል። ወለሉ ደረቅ ነው። አንድ የቆርቆሮ ባልዲ ተገልብጧል።

«እኔ አልነካሁትም» አለ ፎርማኑ ገረሱ፣ ሳልጠይቀው። ከሳንሱሲ በጠዋት የሚመጣ፣ ድምፁ ትልቅ የሆነ ሰው ነው። «አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስገባ እንዲህ ነው ያገኘሁት።»

«ጠላት ነበረው?»

«ጋሽ ፀሐዬ? ድመት እንኳ አይጠላውም። ግን ማታ ደውሎልኝ ነበር። ኢብራር ቦርሳ ውስጥ ሞዛይክ ደብቆ ሲወጣ ይዠዋለሁ፣ ጠዋት ስትመጣ እንነጋገራለን አለኝ።»

ኢብራር ሞዛይኩን የሚለጥፈው ባለሙያ ነው። ሳጅን ታዲዮስ ከጓሮ ተመልሶ መጣ።

«ኢንስፔክተር፣ የጓሮው በር አልተቀረቀረም። ከውጭ የመጣ ሰው እንደ ቤቱ ነው የገባው።»

የጓሮው በር የሚወጣው ስድስት ቤት ያሉበት ጠባብ መንገድ ላይ ነው። መጀመሪያ ያንኳኳሁት ለበሩ የሚቀርበውን ቤት፣ የእትዬ ገበያነሽን ነው። ልብስ በማጠብ የሚተዳደሩ፣ የሠፈሩ ሴቶች እድር ሰብሳቢ ናቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ወጡ።

«ምን ዓይነት አረመኔ ነው እንደዚያ ያለ ሽማግሌ ላይ እጁን የሚያነሳ?»

«ማታ የሰሙት ነገር አለ?»

«አለ እንጂ። ያ ሞዛይክ የሚሠራው ልጅ እየጮኸ ነበር። 'ቆይ ሽማግሌ፣ ታገኛታለህ' ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ይህን ስጽፍ የቆምኩት ግቢያቸው ውስጥ፣ በተሰጣ የአልጋ አንሶላ ሥር ነበር። ከአንሶላው ጠብታ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። አንድ እርምጃ ፈቀቅ አልኩና መጻፌን ቀጠልኩ።

ከሰዓት በኋላ ኢብራርን አመጣነው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ጥፍሮቹ ሥር ነጭ ኮላ ደርቋል።

«ማክሰኞ ማታ የት ነበርክ?»

«ከሥራ አሥራ ሁለት ሰዓት ወጥቼ ቤቴ ገባሁ።»

ታዲዮስ ቤቱ ሄዶ እናቱን ጠይቆ ነበር። የገባው አራት ሰዓት ላይ ነው።

«አራት ሰዓት ሙሉ የት ነበርክ?»

ጥፍሩ ሥር የደረቀውን ኮላ ይፈቀፍቅ ጀመር።

«'ታገኛታለህ' ብለኸዋል?»

«ብያለሁ። በንዴት ነው። ሰው ፊት ቦርሳዬን ሲበረብር ደሜ ፈላ።»

«ሞዛይኩንስ ወስደሃል?»

ጣራ ጣራውን አየ። «እባክዎን፣ አባቴ ይህን እንዳይሰማ።»

እኔ ክፉ ክፉውን ማሰብ ልማዴ ነው። ልጄ አሥር ደቂቃ ስትዘገይ ሬሳ ክፍል ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። ይህ ልማድ ለፖሊስ ሥራ ይጠቅማል ይሉኛል። ኢብራር ላይ ግን ክፉውን ካሰብኩ በኋላ ሌላ ማሰብ አቆምኩ። ሌባ ነው፣ ዝቷል፣ ዋሽቷል። የጊዜ ቀጠሮ መጠየቂያውን በራሴ እጅ ጻፍኩት። ዓርብ ዕለት ተፈቀደልኝ።

እናቱ በየቀኑ ምሳ ዕቃ ይዘው መጥተው ጣቢያው በር ላይ ይቀመጡ ነበር። አንድም ቀን አልለመኑኝም። ሳልፍ ተነስተው ይቆማሉ። «አይነሱ እናቴ» እላቸዋለሁ፤ ይቆማሉ። ከዚያ በኋላ በጣቢያው የጓሮ በር መግባት ጀመርኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። ልጄ ብርቅዬ ናት። ስልክ ሲጠራ መጀመሪያ የሚታየኝ አስፋልት ላይ የወደቀች ልጅ ናት።

«እማ፣ ቤታችን ጎርፏል።»

«አንቺ ደህና ነሽ?»

«እኔማ ደህና ነኝ፤ የቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርት ላይ ነበርኩ። ከታች ያሉት ሰውዬ ናቸው ደህና ያልሆኑት። ጣሪያዬ ላይ ዓባይን ለቀቃችሁብኝ እያሉ ነው። ቧንቧውን ማን ነው ከፍቶ የሄደው?»

ከፍቼ የሄድኩት እኔ ነኝ። ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምንኖረው፤ ውሃ በፈረቃ ነው። መቼ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ ማታ ቧንቧውን ከፍተን፣ ከሥሩ የቆርቆሮ ባልዲ አስቀምጠን እንተኛለን። ውሃው ሲመጣ ባልዲው ይጮሃል፤ ያኔ ተነስተን እንቀዳለን። ዓርብ ማታ እንደዚያው አድርጌ ተኛሁ። አልመጣም። ጠዋት ስወጣ መዝጋቱን ረሳሁት።

እቤት ደርሼ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ አጠፍኩና ውሃውን በጨርቅ እየመጠጥኩ አወጣ ጀመር። አጎንብሼ ሳለሁ ጉልበቴን አየሁት። ተነሳሁ። እጄን ጠርጌ ፎቶግራፎቹን አወጣሁ።

ሁለት ዕጥፍ በቀኝ፣ ሁለት በግራ። ጫማው ዳር ላይ ተቀምጧል። ባልዲው ተገልብጧል። እኔ መዝገቡ ላይ «የግንባታ ዕቃ» ብዬ የጻፍኩት ባልዲ።

ጋሽ ፀሐዬን ማንም አልጎተተውም። ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን አጥፎ በገዛ እግሩ ገብቷል።

ዲዛይነሯ ውዳሴ ጋ ደወልኩ። አዳራሹን ያሰበችው እሷ ናት፤ ገና ወጣት ናት።

«ገንዳው ማክሰኞ ማታ ውሃ ነበረው?»

«ኧረ በጭራሽ። ባዶ ነበር። ኮላው ሳይደርቅ ለሰባት ቀን ውሃ ጠብ እንዳይልበት ብዬ በቀይ ጽፌ ለጥፌያለሁ።»

«ረቡዕ ጠዋት ሞልቶ ስታዪው ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሰው ሞቶ ስለ ኮላ ማውራት አፈርኩ። እርስዎም አልጠየቁኝም።»

እሑድ ጠዋት ታዲዮስ ለዚያ መስመር ውሃ የሚከፍተውን ሠራተኛ አግኝቶ መጣ።

«ረቡዕ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ነው የከፈተው። ከዚያ በፊት ለሦስት ቀን በመስመሩ ጠብታ አላለፈም» አለኝ።

«እንግዲያው ሰውየው ሲወድቅ ገንዳው ውሃ ነበረው፤ ይህ ማለት ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ ንጋት ላይ ነው የሞተው።»

«እና እኛ ኢብራርን የጠየቅነው…»

«ስለ ማታ ነው» አልኩት። ራሴን ቀና ማድረግ አቃተኝ።

ኢብራርን ለጥያቄ አስወጣሁት። በአራት ቀን ውስጥ ጉንጩ ጎድጉዷል።

«ረቡዕ ንጋት ላይ የት ነበርክ?»

«መስጊድ። ለሱብሂ ሰላት።»

«ማን አየህ?»

«ሁሉም ሰው ነዋ። አባቴ ዓይኑ አያይም፤ በየቀኑ እጁን ይዤ የምወስደው እኔ ነኝ። አሥር ሰዓት ተኩል እንወጣለን፤ ሰላቱ ካለቀ በኋላ ከሽማግሌዎቹ ጋር ቁርአን ያዳምጣል፤ አንድ ሰዓት ላይ እመልሰዋለሁ።»

«ይህን ለምን አልነገርከኝም?»

«ስለ ማታ ነው የጠየቁኝ።» በቁጣ አይደለም ያለው። ጥያቄ በትክክል እንደመለሰ ተማሪ ነው።

«ማታስ የት ነበርክ?»

«አየር ጤና። የአንድ ሰውዬ ባኞ ቤት ውስጥ ሞዛይኩን ስለጥፍ ነበር። ትርፍራፊ ነው፣ ይጥሉታል ብዬ ነው። ግን ሰርቄ ነው።»

ሁለቱንም አጣራን። እውነት ነበር። መስጊድ በር ላይ የቆሙት ሽማግሌ ለታዲዮስ «አባትየው ከረቡዕ ወዲህ አልመጣም፤ የሚመራው አጥቶ ነው» ብለውታል። ታዲዮስ ይህን ሲነግረኝ መስኮቱን እያየ ነበር።

ያን ዕለት ልፈታው እችል ነበር። ግን አንድ ነገር አልገጠመም፤ ሁለተኛ መሳሳት ደግሞ ፈራሁ። ሰኞ ጠዋት ከታዲዮስ ጋር ሄጄ ገረሱን አዳራሹ ውስጥ አገኘሁት። የገንዳው ውሃ ወጥቷል፤ ሞዛይኩ ተላቆ እንደ ዓሣ ቅርፊት ወለሉ ላይ ተበትኗል።

«ጋሽ ፀሐዬ የሚተኛው የት ነው?»

«እዚሁ፣ ከጓዳው። ቧንቧው ያለው እዚያው ነው።»

ነገሩን በዓይኔ ያየሁት መሰለኝ፤ እንደታየኝም ነገርኳቸው። ሽማግሌው የውሃ ጎማውን ቧንቧው ላይ ሰክቶ፣ ጫፉን ገንዳው ዳር ካለው ባልዲ ውስጥ ከትቶ፣ ቧንቧውን ከፍቶ ይተኛል። ውሃው በኃይል ሲመጣ ጎማው ዘሎ ባልዲውን ይገለብጥና ገንዳው ውስጥ ይወድቃል። ባልዲው አይጮህም። ሽማግሌው ሲነቃ ገንዳው ሞልቷል። ኮላው ትዝ ሲለው ደንግጦ ይገባል፤ ሞዛይኩ ያንሸራትተዋል፤ ግንባሩ የድንጋዩን ጠርዝ ይመታል።

«ታዲያ ውሃው መቀጠል ነበረበት» አለ ታዲዮስ። «አዳራሹ መጥለቅለቅ ነበረበት። ወለሉ ግን ደረቅ ነው።»

«ቧንቧው ተዘግቶ ነበር» አለ ገረሱ። «ጎማውም ሚስማሩ ላይ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል።»

«የእናንተ ሰዎች ይሆኑ የጠቀለሉት?»

«የእኔ ሰዎች? ጎማ ወርውረው ነው የሚሄዱት። በየቀኑ እሰድባቸዋለሁ።»

«ጋሽ ፀሐዬም ከሞተ በኋላ ተነስቶ አልጠቀለለውም» አለ ታዲዮስ።

ጎማው አሁንም ሚስማሩ ላይ ነበር። ሥርዓት ባለው ክብ ተጠቅልሎ በነጭ የጨርቅ ቁራጭ ታስሯል። ቁራጩን ፈታሁት። ዳሩ በመኪና የተሰፋ፣ ከአልጋ አንሶላ የተቀደደ ጨርቅ ነው።

ትከሻዬ ላይ የወደቀችው ጠብታ ያኔ ነው የቀዘቀዘችኝ።

በጓሮ በር ወጥተን መጀመሪያ የእትዬ ገበያነሽን ጎረቤት አንኳኳሁ። ማራኪ የምትባል አራስ ናት፤ ልጇን ታቅፋ በሩን ከፈተችልኝ።

«ረቡዕ ውሃ ደርሷችሁ ነበር?»

«ውሃ? የእኛ ቧንቧ ከደረቀ ሦስት ሳምንት ሆነው። ሆቴሉ አዲስ መስመር ካስገባ ወዲህ እኛ ጋ አይወጣም። ባለቤቴ ከታች ከአስፋልቱ ማዶ በጀርባው ነው የሚያመጣው።»

«ከጎረቤት አትበደሩም?»

«እትዬ ገበያነሽን አንድ ጀሪካን ብዬ ለምኛት ነበር፤ ለልጁ ገላ። 'ከየት አምጥቼ' አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ዘመዶቿ በመኪና እያመጡላት ነው አሉ የምትሠራው።» ልጁን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረችው። «ጋሽ ፀሐዬ ሲሞት የቀብሩን ሁሉ ያስተባበረችው እሷ ናት። ጥሩ ሴት ናት።»

ስልኬ ጮኸ። የአስከሬን ምርመራው ውጤት ደርሷል። ሐኪሙ ንግግሩ አጭር ነው። «የግንባሩ ቁስል አይገድልም፤ ራሱን አስቶት ነው እንጂ። የሞተው ውሃ ገብቶበት ነው። ቶሎ ቀና ያደረገው ሰው ቢኖር ይተርፍ ነበር» አለኝ።

እትዬ ገበያነሽ ግቢ ስንገባ አንሶላ እያሰጡ ነበር። ሰባት አንሶላ ቆጠርኩ። የጨርቁን ቁራጭ አሳየኋቸው። አላለቀሱም በዚህ ጊዜ። የልብስ መቆንጠጫውን ከአፋቸው አውጥተው ኪሳቸው ከተቱት።

«ታዲዮስ ውጭ ይጠብቅልዎት?» አልኳቸው።

«ይጠብቅልኝ።»

የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። እኔ ቆምኩ።

«ጋሽ ፀሐዬ ታሞ ሳለ አጥሚት አደርስለት ነበር። ለዚያ ብሎ ነው። በፈረቃው ቀን የጓሮውን በር ሳይቀረቅር ይተውልኛል፤ አሥራ አንድ ተኩል ላይ እገባለሁ፤ ስድስት ጀሪካን ቀድቼ ጎማውን ጠቅልዬ እወጣለሁ። 'ለሌላ አትናገሪ፣ ሁሉም ከመጣ ከሥራ እባረራለሁ' አለኝ። አልተናገርኩም።»

«ለማራኪም።»

«ለማራኪም።» ይህን ሲሉ ወደ ማራኪ ቤት ግድግዳ ዞሩ። «ሕፃኑ ሲያለቅስ በግድግዳው ይሰማኛል እኮ።»

«ረቡዕስ?»

«ገባሁ። ጠራሁት። ጎማው ገንዳው ውስጥ ይፈሳል። እሱ ተደፍቷል።»

«ሞቶ ነበር?»

አንዱ አንሶላ በነፋስ ተነስቶ ተመለሰ።

«ጣቶቹ ይንቀሳቀሱ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ቧንቧውን ዘጋሁት። ውሃው እንዳይበዛበት ብዬ።»

«እሱንስ?»

«ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር። ብጮህ መጀመሪያ የምትደርሰው ማራኪ ናት። ጀሪካኖቼ በሩ ላይ ተደርድረዋል። ሁሉም ያዩታል። ሦስት ሳምንት ሙሉ 'የለኝም' ያልኳቸው ሰዎች ናቸው። ፎርማኑ አሁን ይመጣል አልኩ። ወይ ሌላ ሰው እልካለሁ አልኩ። ጎማውን ጠቀለልኩት።»

«ለምን?»

«እንጃ። እጄ ለምዶት ነው።»

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። መጠየቁን ፈራሁት።

«ጀሪካኖቹ ባዶ ነበሩ?»

«ስገባ ባዶ ነበሩ።»

«ስትወጪስ?» አልኩ። «እርስዎ» ማለቴ እንደቀረ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

«ቧንቧውን ከመዝጋቴ በፊት አራቱን ሞላኋቸው።»

ኢብራርን ለምን እንዳሳጡት አልጠየቅኳቸውም። ጩኸቱን በእርግጥ ሰምተዋል፤ የነገሩኝ እውነት ነው። ከእውነቱ ላይ ውሸት የሠራሁት እኔ ነኝ።

ኢብራርን ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ለቀቅነው። እናቱ በሩ ላይ ቆመው ነበር። በዋናው በር ነው የወጣሁት።

«እናቴ፣ በድዬዎታለሁ። ልጅዎን መጠየቅ የነበረብኝን ሳልጠይቅ ነው ያሰርኩት።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ምሳ ዕቃውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩና «ሥራሽ ነው ልጄ፣ አላህ ይስጥሽ» አሉኝ።

ኢብራር ሁለት እርምጃ ሄዶ ተመለሰ። «አባቴ ስለ ሞዛይኩ ሰምቷል?»

«ከእኔ አልሰማም።»

«እንግዲያው ነገ ወደ መስጊድ ስንሄድ እኔ ልንገረው» አለና የእናቱን ክንድ ይዞ ወረደ።

እትዬ ገበያነሽን ሴቶች ክፍል አስገባኋቸው። ነጠላቸውን፣ የአንገታቸውን ማተብ ሳይቀር፣ አውልቀው ሰጡኝ። ማተቡን መለስኩላቸው። ባዶ ክፍል ነው፤ አንድ ፍራሽ አለ። በሩን ገርበብ አድርጌ መዝገቡን ስሞላ ታዲዮስ መጣ።

«ኢንስፔክተር፣ የሠፈራቸው ሴቶች ውጭ ናቸው። ብርድ ልብስና ምግብ ይዘዋል።»

«ሰምተዋል?»

«ሁሉንም ሰምተዋል። አራሷም አብራ ናት፤ ልጁን አዝላ። ምግቡን የያዘችው እሷ ናት።»

ገርበብ ባለው በር በኩል እትዬ ገበያነሽ ሰምተው ነበር። ከፍራሹ ተነስተው ግድግዳው ድረስ ሄዱ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ይግቡ?» አልኳቸው። «ይፈቀዳል።»

«በልጅሽ ይዤሻለሁ» አሉ፣ ሳይዞሩ። «ልጅ ካለሽ። ማራኪን እንዳታስገቢብኝ።»

«ምግቡን ብቻ ልቀበልላቸው?»

«እሱንም አይሆንም። ካየችኝ እሷው ታፍራለች። ለእኔ ታፍርልኛለች።» ድምፃቸው ከግድግዳው እየተመለሰ ነበር የሚመጣው። «በሩን ቆልፊው። እባክሽን፣ ቆልፊው።»

ያም ሆኖ ለታዲዮስ ምግቡንና ብርድ ልብሱን ተቀብሎ ከምስጋና ጋር እንዲያሰናብታቸው ነገርኩት። የሴቶቹ ድምፅ ከደጅ ይሰማል፤ አንዷ ሕፃኑን ታባብላለች። ብርድ ልብሱ መጣ። እጄን ብቻ አስገብቼ ፍራሹ ላይ አስቀመጥኩት፤ ምግቡንም ከጎኑ። አልዞሩም።

በሩን ገጥሜ ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞርኩት።